የምንፈራው ዘንዶውን አይደለም

ዘንዶ ያለበት ልቦለድ የሚያነብ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ፣ ሦስት ዓይነት ሰው ይመጣበታል። የመጀመሪያው ሽፋኑን አይቶ ያማትባል። ሁለተኛው «ይሄ የሕፃን ተረት ነው፤ አሁንማ ትልቅ ልጅ ሆነሃል» ይላል። ሦስተኛው፣ የተማረው፣ ፈገግ ብሎ «ማንበቡ ራሱ መልካም ነው፤ ቀስ እያለ ወደ ቁም ነገሩ ይሻገራል» ይላል። ከሦስቱ በጣም የሚያናድደኝ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ መጽሐፉ ኃይል እንዳለው አምኗል። ሁለተኛው ቢያንስ ልጁን ትልቅ ብሎታል። ሦስተኛው ግን መጽሐፉንም ልጁንም በአንድ ፈገግታ ንቆ አለፈ።

ይህን የምጽፈው ለሦስቱም ነው። የምለው ነገር አንድ ነው። ስለ ዘንዶና ስለ ጉርምስና ከተጻፉት ምናባዊ ልቦለዶች ጥሩዎቹ፣ አንድ ታዳጊ ነፍስ ሲያውቅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገውን ነገር ያስተምሩታል፦ ቃል ከአፍ ሲወጣ ምን እንደሚያስከትል፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሰውስ ምን እንደሚከፍል። የትኛውም የምክር መጽሐፍ ይህን እንዲህ አድርጎ አያስተምርም። እኛ ትልልቆቹ መጻሕፍቱን የማንወዳቸውም ለዚሁ ይመስለኛል። የምንፈራው ዘንዶውን አይደለም። ቃል ያለውን ልጅ ነው።

ከሚያማትበው እንጀምር

የሚያማትበው ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ለእሱ «ዘንዶ» የሚለው ቃል ከባድ ቃል ነው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ላይ ዘንዶው ማን እንደሆነ ያውቃል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ጦሩን የሚሰካበትን ፍጥረት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ በታክሲ መስታወት ላይ፣ ኧረ በቢራ ጠርሙስ ላይ ሳይቀር ሲያየው ኖሯል። አፈ ታሪካችንም ቢሆን የሚነሣው አርዌ ከሚባል የእባብ ንጉሥ ነው፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ የሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ ከዘንዶው መገደል ይጀምራሉ። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ፣ ልጅህ ዘንዶ ጀርባ ላይ ተቀምጦ የሚበር ጎረምሳ የተሳለበት መጽሐፍ ይዞ ቢገባ ማማተብህ አይገርምም።

ግን እዚያው ግድግዳ ላይ ሌላም ሥዕል አለ። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ አምባ ሥር ደርሰው መውጫ ሲያጡ፣ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ዘንዶ ወደ አምባው አናት አወጣቸው ይላል ገድላቸው። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጣ ወንድ በገመድ ተንጠልጥሎ ነው የሚወጣው፤ ገመዱም የዚያ ዘንዶ መታሰቢያ ነው ይባላል። እንግዲህ ያችው አንዲት ቤተ ክርስቲያን ዘንዶ የሚወጋ ቅዱስም አላት፣ ዘንዶ የተሸከመው ቅዱስም አላት። አባቶች ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲያስሉ ግራ አልገባቸውም። ዘንዶው ለማን ይታዘዛል፣ ሰውየውስ ለማን ይታዘዛል ብለው ነው የጠየቁት። እኛ ግን ሁለተኛውን ሥዕል ረሳነውና ዘንዶ ባየን ቁጥር ጦር እንፈልጋለን።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ችግሩ ከቃሉ ነው፤ ድራጎን ብላችሁ ተርጉሙትና ይለቅ» ይሉኛል። አልስማማም። ድራጎን ብንለው የመጣበት አገር እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ ሥጋት የለውም፣ ትዝታም የለው። ዘንዶ ከነሸክሙ ይምጣ። ራእዩንም፣ ጊዮርጊስንም፣ ደብረ ዳሞንም፣ ቆላ ወርዶ ፍየል የሚውጠውን እውነተኛውን ዘንዶም ይዞ ይምጣ። የእኛ ልጅ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሲያነብ ከፈረንጁ ልጅ የበለጠ ያነባል እንጂ ያነሰ አያነብም።

ተረት አናፍርበትም፤ ታዲያ ምንድን ነው?

ወደ ሁለተኛው ሰው ልለፍ። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ሌጉዊን እ.ኤ.አ. በ1974 «አሜሪካውያን ዘንዶን ለምን ይፈራሉ?» የሚል መጣጥፍ ጽፋ ነበር። ምክንያቱን የፈለገችው በአገሯ ሰው አስተዳደግ ውስጥ ነው። ሥራን ብቻ እንደ ጽድቅ የሚቆጥር፣ ትርፍ የማያስገኝ ነገር ሁሉ የሚያሳፍረው ሰው፣ ስለ ዘንዶ የተጻፈ ልቦለድ ይዞ መታየት ያሳፍረዋል ነው ነገሩ።

የእኛ ፍርሃት ከዚህ ይለያል። እኛ በተረት አናፍርም። ሽማግሌ ፊት ተቀምጠን ነገር የምናስረዳው በተረትና በምሳሌ ነው። የሚያስጨንቀን ሌላ ነው፦ ተረቱ ውስጥ ልጁ ምን ሥልጣን አለው? ለልጅ የምንነግረው ተረት መጨረሻው ላይ ትልቁ ሰው ይመጣና «ከዚህ ምን እንማራለን?» ብሎ ይዘጋዋል። መልሱም ብዙውን ጊዜ ያው ነው፦ ታዘዝ፣ አትስረቅ፣ የታላቅህን ምክር ስማ። ጥሩ ምክር ነው፤ አልጠላሁትም። ግን በዚያ ተረት ውስጥ ልጁ ወስኖ አያውቅም። ቃል ሰጥቶ አያውቅም። ከሱ የሚበልጥ ኃይል ፊት ብቻውን ቆሞ «እሺ» ወይም «እምቢ» ብሎ አያውቅም።

ይህን በአየር ላይ እያወራሁ አይደለም። ጎረቤቴ የሆነች የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፏን ትምህርት ቤት ይቀሟታል። ዘንዶ ያለበት መጽሐፍ ነው። እናቷ ልታስመልስ ስትሄድ ስለ ሰይጣን የሚያነሣ ሰው ትጠብቅ ነበር። ማንም አላነሣም። «ልጅቷ ከአስተማሪ ጋር ትከራከራለች፤ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ነው ያበላሻት» ነው የተባለችው። ምን ብላ ተከራከረች? መምህሩ ፈተናው ሐሙስ ነው ብሎ ማክሰኞ ይዞት ገባ። «ቲቸር፣ ሐሙስ ነው ብለውን ነበር እኮ» አለች። በቃ ይሄው ነው። ሰው የተናገረውን ቃል አስታወሰችው።

እንግዲህ ልጅቷ ምን እያነበበች «እንደተበላሸች» ልንገራችሁ።

ስም፣ ቃል፣ ዋጋ

ሌጉዊን በ1968 ያሳተመችው «ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» («የምድረ ባሕር አስማተኛ» እንበለው) መነሻው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። በልቦለድ ውስጥ ያሉ አስማተኞች ሁሉ ጺማቸው የረዘመ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጆች ሳሉስ ምን ነበሩ? መልሷ ጌድ የሚባል፣ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ፣ መልኩ ቀይ ዳማ የሆነ የአንጥረኛ ልጅ ነው።

በጌድ ዓለም ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ ሰፈር የሚጠራው መጠሪያ ነው፤ የጌድ መጠሪያ የአንዲት ትንሽ ጭልፊት ስም ነው። ሌላው እውነተኛ ስም ነው፤ ልጁ ከልጅነት ወጥቶ ወደ ሰውነት ሲሻገር ይሰጠዋል፤ ከነፍሱ ለሚያምነው ሰው ካልሆነ በቀር አይናገረውም፤ ስሙን ያወቀ ሕይወቱን ጨብጧልና። የእንግሊዝኛ አንባቢ ይህን እንደ ድንቅ ፈጠራ ያየዋል። እኛ ግን የዓለም ስምና የክርስትና ስም ያለን ሰዎች ነን። የክርስትና ስማቸውን ከነእናታቸው ስም ለማያውቁት ሰው መንገር የሚፈሩ፣ ድግምት ይሠራበታል የሚሉ አያቶች ያሳደጉን ነን። ይህን መጽሐፍ የሲያትል ልጅ ሊማረው ይችላል፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ግን ከአያቱ ቤት ያውቀዋል።

ጌድ ተሰጥኦ አለው፤ ትዕቢቱ ደግሞ ከተሰጥኦው ይበልጣል። አስማት ትምህርት ቤት ሳለ ከአንድ ጓደኛው ጋር እልህ ተጋብቶ የሙት መንፈስ ሲጠራ፣ ያልጠራው ጥላ አብሮ ይወጣል። ጥላው ፊቱን ይቧጭረዋል። የተከፈተውን በር የዘጉት የትምህርት ቤቱ አለቃ በዚያው ይሞታሉ። ጠባሳው ከጌድ ፊት ላይ አይጠፋም። የሞቱትም አይመለሱም። ደራሲዋ ለልጅ አንባቢዋ ይህን አላቀለለችለትም።

ጌድ ተመርቆ ወደ አንዲት ደሃ ደሴት ይሄዳል። ሥራው ዓሣ አጥማጆቹን በአቅራቢያው ካለው የፔንዶር ዘንዶ መጠበቅ ነው። ጥላው ግን እየፈለገው ነው። መሸሽ ይፈልጋል፤ ሰዎቹን ጥሎ መሄድ ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ቀድሞ ዕዳውን ሊከፍል በጀልባ ወደ ዘንዶው ይቀዝፋል። ወጣቶቹን ዘንዶዎች ከጣለ በኋላ ሽማግሌው ይነሣል። እዚህ ላይ ሌላ ደራሲ ቢሆን ሰይፍ ያስመዝዝ ነበር። ሌጉዊን ሁለቱን ታነጋግራቸዋለች። ጌድ የድሮ ታሪክ አገላብጦ የዘንዶውን እውነተኛ ስም ገምቷል፤ «ዬቮድ» ብሎ ይጠራዋል፤ ዘንዶው ይያዛል። ዘንዶውም ግን የልጁን ቁስል ያውቃል፤ የሚያሳድድህን ጥላ ስም ልንገርህ ይለዋል።

ልብ በሉ። ያንን ስም ካገኘ ይድናል። ካላገኘ ምናልባት ይሞታል። ያለው መደራደሪያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጌድ ያንን አንዱን ዘንዶው ከነልጆቹ ወደ ሰው ደሴቶች ዳግመኛ እንዳይመጣ ለማስማል ያውለዋል። ስሙን ሳያገኝ ጀልባው ውስጥ ይገባል።

እስቲ ይህን ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ በምክር መልክ ንገሩት። «ልጄ፣ ከራስህ ጥቅም የሌላውን አስቀድም።» ያዛጋል። ማዛጋቱም ልክ ነው፤ ምንም አላስከፈላችሁትም፣ ምንም አላስመረጣችሁትም። መጽሐፉ ግን ፈተናውን እውነተኛ አድርጎ አፍንጫው ሥር ያስቀምጥለታል። አንባቢው ልጅ በልቡ «ተቀበለው! ስሙን ተቀበለው!» እያለ ነው ገጹን የሚገልጠው። ጌድ እምቢ ሲል ልጁ ይናደዳል። በኋላ ደግሞ ለምን እንደተናደደ ያስባል። ማደግ ማለት ይሄው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዓለም አስማት የሚሠራበት ጥንታዊ ቋንቋ አለ። ሰው በዚያ ቋንቋ ሲናገር መዋሸት አይችልም። ዘንዶ ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋው ስለሆነ ይዋሽበታል፣ እውነቱን አጣምሞ ይናገርበታል። ኃይል ያለው ቃልን እንደፈለገ ሲያጣምም፣ ደካማው በቃሉ የሚያዝበት ዓለም! ይህን የአዲስ አበባ ተማሪ አይረዳውም የሚል ካለ ማክሰኞ የመጣውን ፈተና ያስታውስ።

የአንዲት ፊደል ስህተት

ሌጉዊን ጎበዝ ናት፤ እሷን ማድነቅ አያስወቅስም። እስቲ ሊቃውንቱ የሚስቁበትን መጽሐፍ ላንሣ። «ኤራጎን»ን መናቅ ቀላል ነው። ገበሬ ቤት ያደገ ልጅ፣ ምስጢረኛ ሽማግሌ፣ ክፉ ንጉሥ፤ ታሪኩ ከስታር ዋርስና ከቶልኪን የተለቃቀመ ነው ይባላል፤ ሐሰት አይደለም። ደራሲው ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ መጻፍ ሲጀምር የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የተማረ የሞንታና ልጅ። ወላጆቹ «ይሄን ትተህ ጥናትህን አጥና» አላሉትም። በ2002 ራሳቸው አሳተሙለት፤ በ2003 ደግሞ ክኖፍ የተባለው ትልቅ አሳታሚ ወሰደው። የልጅ እጅ እንዳለበት ያስታውቃል። ግን በዚያ የልጅ እጅ የተጻፈ አንድ ነገር አለ፣ ትልልቆቹ ሃያሲዎች ሲስቁ ያለፉት።

ኤራጎን አንዲት ሕፃን እንዲባርክ ይለመናል። በእሱም ዓለም የተናገሩት የሚፈጸምበት ጥንታዊ ቋንቋ አለ። ከክፉ የተጋረደች እንድትሆን ሊመርቃት ፈልጎ ሰዋስው ይሳሳታል። አፉ ያወጣው ጋሻ እንድትሆን የሚያደርግ ቃል ነው። በአማርኛ ብናስበው የ«ተጋረጂ» እና የ«ጋርጂ» ልዩነት ነው፤ አንዲት «ተ»። ልጁ ምርቃቱን ሰጥቶ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ኤልቫ የተባለችው ያች ሕፃን በአጠገቧ ያለውን ሰው ሁሉ ሕመም እየተሸከመች፣ ከዕድሜዋ ውጭ አድጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው እየተናገረች ትመጣለች። በሦስተኛው መጽሐፍ ሊያርመው ይሞክራል። ይቀልላታል እንጂ እንዳልነበረ አይሆንም።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለን ያሳደግነው ልጅ ይህን ሲያነብ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ተረቱን ስንነግረው አፍህን ዝጋ ማለታችን ነበር። መጽሐፉ ግን ተናገር፣ ግን ተጠንቅቀህ ተናገር፣ ስትሳሳት ደግሞ ተመልሰህ የጎዳኸውን ሰው ፊት ለፊት እየው ይለዋል። የቅንነት ጉዳት ከክፋት ጉዳት ያላነሰ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ዕድሜ ያወቀ ልጅ፣ ነገ ሐኪምም ቢሆን፣ ዳኛም ቢሆን፣ ሹምም ቢሆን እኔ እመርጠዋለሁ።

ስለ ሴት ልጆችም ልናገር፤ ዘንዶ የጎረምሳ ጨዋታ ብቻ ይመስላቸዋልና። የአን ማካፍሪ «ድራጎንሶንግ» በ1976 ወጣ። ሜኖሊ የ15 ዓመት ልጅ ናት፤ የባሕር ዳር መንደር አለቃ ልጅ፤ ተሰጥኦዋ ዜማ ነው። አባቷ ሴት ልጅ ዜማ መድረሷ ያሳፍረናል ብሎ ይከለክላታል። ዓሣ ስትዘለዝል እጇ በቢላ ይቆረጣል፤ እናቷም ቁስሉ ጠማማ ሆኖ ሲድን ዝም ትላለች፤ መሣሪያ መምታት ካልቻለች ነገሩ ያበቃልና። ልጅቷ ከቤት ትጠፋለች፤ ዋሻ ውስጥ የዘንዶ ዘመድ የሆኑ ዘጠኝ ትንንሽ በራሪ ፍጥረቶች ገና ከእንቁላል ሲወጡ ታበላቸዋለች፤ እነሱም ይለምዷታል። ማንንም ድል አላደረገችም። የሚሰማት አገኘች፤ ለሚራቡትም ኃላፊ ሆነች። ለአቅመ ሔዋን መድረስን በሠርግ ብቻ ለምንለካ ሰዎች ይህ ትንሽ መጽሐፍ ትልቅ ስድብ ነው፤ የሚገባን ስድብ።

ሌጉዊንም ብትሆን የመጀመሪያዎቹ የምድረ ባሕር መጻሕፍቷ የወንድ ዓለም እንደነበሩ ራሷ ተናግራለች። በ1990 «ቴሃኑ» በሚለው መጽሐፍ ተመልሳ መጣች። በዚህኛው ማዕከሉ ላይ ያለችው የገዛ ወገኖቿ ደብድበው እሳት ውስጥ የጣሏት፣ ፊቷና እጇ የተቃጠለ ሕፃን ናት። ሰው ሁሉ ሲያያት ፊቱን ያዞራል። መጨረሻ ላይ ከዘንዶዎች ሁሉ ታላቁ መጥቶ በእውነተኛ ስሟ ይጠራታል፤ ልጄ ይላታል። ቤት ውስጥ የሚደርስ ግፍ በቤት ምስጢርነት ተሸፍኖ በሚቀርበት በየትኛውም አገር፣ ይህን ለታዳጊ መንገር የሚደፍር ስንት «ቁም ነገረኛ» ልቦለድ አለ?

ክንፍ ያለው ቪ8

የዘንዶ መጽሐፍ ሁሉ ጥሩ ነው አላልኩም። ብዙው ቆሻሻ ነው። እንደ እኔ መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ የማይመለስ ምን ነገር ከፈለ? ምንም ካልከፈለ ያ ዘንዶ ዘንዶ አይደለም፤ ክንፍ ያለው ቪ8 ነው። የተመረጠ ልጅ ነበር፣ እንቁላል አገኘ፣ ጋለበ፣ ጠላቶቹን አቃጠለ፣ ቆንጆዋን አገባ። ይሄ ማደግ አይደለም፤ የሎተሪ ዕጣ ነው። ገበያው ደግሞ ይህን ይወዳል፤ የአንዱ መጽሐፍ ዘንዶ ሲሸጥ አሥር ግልባጭ ይፈለፈላል።

ገበያው ጥሩውንም እንዴት እንደሚያበላሸው ተመልከቱ። በ2006 «ኤራጎን» ፊልም ሲሆን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ልጁ ለወራት ጫካ ደብቆ፣ እየቀለበ ያሳደጋት ሳፊራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ደመና ወጥታ ስትመለስ ሙሉ ዘንዶ ሆና አረፈች። ስለ ማደግ የተጻፈ መጽሐፍ ፊልም ሲሆን የተቆረጠው ማደጉ! በ2004 ደግሞ የምድረ ባሕር ታሪክ ለቴሌቪዥን ሲሠራ፣ ቀይ ዳማው ጌድ ነጭ ሆነ፤ ሌጉዊን በአደባባይ ተቃወመች። ይባስ ብሎ እውነተኛ ስሙን መጠሪያ፣ መጠሪያውን እውነተኛ ስም አድርገው አገላበጡት። የክርስትና ስም ትርጉሙ የገባው የእኛ አገር ሕፃን የማይሳሳተውን ተሳሳቱ። በተቃራኒው በ2010 የወጣው «ሀው ቱ ትሬይን ዩር ድራጎን» የካርቱን ፊልም ሆኖ ሳለ፣ ጀግናው ልጅ መጨረሻ ላይ ሲነቃ አንድ እግሩ የለም። ዋጋ አለ ማለት ነው። ካርቱን የደፈረውን ስንቱ ወፍራም ልቦለድ አልደፈረም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ መቆጣጠር ካማራችሁ በዚህ ተቆጣጠሩ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ክንፍ ተዉትና ውስጡ ያለውን ሂሳብ እዩ።

ወደ የትኛው ቁም ነገር ነው የሚሻገረው?

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው፣ ወደ ፈገግተኛው። «ወደ ቁም ነገሩ ይሻገራል» ብለሃል። እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ አብረን እንሻገር። ከአማርኛ ልቦለድ ሁሉ የሚቀድመውን እንጥራ፤ የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ 1958 ዓ.ም.። በዛብህን አስታውሰው። የበዛብህ መከራ ከየት ይጀምራል? ልጃቸው እንዲኖርላቸው የተጨነቁ ወላጆች ከተሳሉት ስለት ነው። ልጁ ሳይጠየቅ፣ ገና ነፍስ ሳያውቅ፣ ወላጆቹ ቃል ገቡ፤ ዕዳው ግን የሱ ሆነ። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያ ያልሰጠው ቃል መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ታላቁ ልቦለዳችን ሌሎች በገቡለት ቃል የታሰረ ወጣት ታሪክ ነው። እውነት ነው፣ ይሄ እኛው ነን፤ ሀዲስ ያየውን ማንም እንዲያ አላየውም። ግን ይህን እውነት ለመረዳት ታዳጊው ተቃራኒውንም ማየት አለበት፦ ራሱ ቃል የሚሰጥ፣ ራሱ ዋጋውን የሚከፍል ልጅ። ጌድን ያላወቀ አንባቢ በዛብህን «ምስኪን» ብሎ ያልፈዋል። ጌድን ያወቀ ግን «ለምን አልጠየቁትም?» ይላል። እንግዲህ የዘንዶው መጽሐፍ ወደ ቁም ነገር መሻገሪያ ድልድይ ብቻ ነው ያልከው ወዳጄ፣ ድልድዩ ከሌለ ማዶ ያለውንም በትክክል እንደማታየው ልብ በል።

እኛ ግን በመሐል ምን አስቀምጠናል? ለሕፃናት የጦጣና የጅብ ተረት አለ። ለአዋቂ ልቦለድ አለ። በሁለቱ መሐል ላለው፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ላለው ልጅ፣ መደርደሪያው ላይ የሚጠብቀው በአብዛኛው ምክር ነው። የስኬት ምስጢር፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ ራስን የመለወጥ ጥበብ። ለልጁ ሕይወት ሳይሆን መመሪያ እንሰጠዋለን። እሱም ምን ያደርጋል? እንግሊዝኛ የቻለው በስልኩ ላይ የዘንዶውን መጽሐፍ አውርዶ ሌሊት ያነባል። ውጭ አገር ያደጉት ልጆቻችን ደግሞ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ይዋሱታል፤ አማርኛቸው በጦጣና በጅብ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከዚያ «ልጆቻችን አማርኛ አያነቡም» ብለን እናለቅሳለን። በአማርኛ ለዕድሜው ምን አቀረብክለት? ልጁ ነፍስ ያወቀው በእንግሊዝኛ ከሆነ ነፍሱ በየትኛው ቋንቋ እንድታስብ ፈለግህ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ተርጓሚዎች፣ ከጥሩዎቹ ጀምሩ፤ ቃል ኃይል ያለበትን መጽሐፍ ለመተርጎም ቅኔ ካለው ቋንቋ የተሻለ የት ይገኛል? ደራሲዎች፣ ደብረ ዳሞ ሥር ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጻፉልን፤ ዘንዶው ጅራቱን ከማውረዱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቀው። አሳታሚዎች፣ ሽፋኑን አይታችሁ «ማን ይገዛዋል?» አትበሉ፤ ልጆቹ አሁንም እየገዙ ነው፣ ከሌላ ሰው።

ወላጆችና መምህራን ደግሞ፣ ልጁ መጽሐፉን ሲጨርስ «ምን ተማርክ?» አትበሉት። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ መልሱንም እናንተ የምትፈልጉትን አድርጎ ያውቀዋል። ይልቅ እንዲህ በሉት፦ አንተ ብትሆን፣ ዘንዶው ስሙን ልንገርህ ቢልህ ትቀበለው ነበር? ከዚያ ዝም በሉ። ልጁ ምናልባት «አዎ፣ እቀበል ነበር» ይላችኋል። ደንግጣችሁ አታርሙት። ለምን እንደሆነ ይንገራችሁ፤ እስከ መጨረሻው ስሙት።